ምርቃት እና ምረቃ

እናቴ ሽሮ ሜዳ ጉልት ላይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ትሸጥ ነበር። እኔ በ1991 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ገባሁ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ በሆንኩ በጥቂት ወራት ውስጥ የመጀመሪያውን የሙያ ምክሬን ሰጠሁ፤ የሰጠሁትም ለእሷ ነው። «እማዬ፣ ምርቃት አቁሚ» አልኳት።

ምክሩን የሰጠሁት በባዶ ሜዳ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ከጎኗ ዋልኩ። መደቡን ሸጣ፣ ሃምሳ ሳንቲሙን ተቀብላ፣ ገዢዋ «መርቂልኝ እንጂ!» ስትላት የምትጨምረውን እያንዳንዱን ፍሬ መዘገብኩ። ለአንዷ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ለሌላዋ ሁለት ቃሪያ፤ ተልኮ ለመጣ ልጅ ደግሞ መንገድ ላይ እየበላት እንዲሄድ አንዲት ትንሽ ቲማቲም። ማታ ደመርኩት፤ በሳምንት አባዛሁት፣ በዓመት አባዛሁትና አሳየኋት። ገበያው ያወጣው ዋጋ ይህ ነው፤ ገዢዎችሽ በዚህ ዋጋ ተስማምተው ከፍለዋል፤ ከዚያ በላይ የምትሰጪው በሙሉ ኪሳራ ነው፤ እያወቁ ነው የሚበሉሽ አልኳት።

ከደንበኞቿ መካከል ደግሞ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እሳቸውን ፈጽሞ አልወደድኳቸውም። የሚመጡት ማታ፣ ጉልቱ ሊነሣ ሲል ነው። በዱቤ ይወስዳሉ። በዱቤ ወስደውም ምርቃት ይጠይቃሉ። ደብተሬ ላይ ስማቸውን ስላላወቅኩ «ሳይከፍሉ የሚሳፈሩ» ብዬ ጻፍኩባቸው። በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ የተማርናት ቃል ነበረች።

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ቁጥር ግን አሳምራ ታውቃለች። ደብተሬን አየችና «አንተ የቆጠርከው የሄደውን ነው፤ የሚመጣውንስ ማን ይቆጥርልሃል?» አለችኝ። ቢሆንም ልጇ የተማረ ነውና ምክሬን ሁለት ሳምንት ሞከረችው። በሦስተኛው ሳምንት ተወችው። ለምን ስላት «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አልሰጠችኝም።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት በእኔ ዕድሜ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ አንድ ቀን የሚጠየቁት ጥያቄ ስላለ ነው። ኢኮኖሚክስ መማር ሰውን ይለውጣል? ሠርግ ቤት ይጠይቁናል፣ ታክሲ ውስጥ ይጠይቁናል፤ ጥያቄው ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ ሽሙጥ አለው፦ «እናንተ ሁሉን ነገር በብር ነው አሉ የምታዩት?» ዛሬ እኔ ራሴ ያንኑ የመግቢያ ኮርስ የማስተምር ሰው ነኝ። መልሴን ከነማስረጃው ላስቀምጥ።

ጥያቄውን በሙከራ የፈተሹት ቀደምቶቹ ጄራልድ ማርዌልና ሩት ኤምስ ናቸው፤ ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ። ጨዋታቸውን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው፤ እድር ነው። እያንዳንዱ ሰው የተወሰነ ድርሻ ይሰጠዋል። የፈለገውን ያህል ለራሱ ያስቀራል፣ የፈለገውን ያህል ወደ ጋራው ሣጥን ይጥላል። ከጋራው ሣጥን የሚገኘው ትርፍ የጣለም ያልጣለም እኩል ይካፈለዋል። ሁሉም ቢጥል ሁሉም ይጠቀማል፤ ብልጣ ብልጡ ግን ሳይጥል ከሌሎች ላብ ይካፈላል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ሙከራ ሌሎቹ ተሳታፊዎች ከድርሻቸው 49 በመቶውን ወደ ጋራው ሲጥሉ፣ ለሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚማሩት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የጣሉት 20 በመቶ ብቻ ነበር።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ከጨዋታው በኋላ የሆነው ነው። «በዚህ ጨዋታ ፍትሐዊ የሚባለው መዋጮ ስንት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ከኢኮኖሚክስ ተማሪዎቹ ከሢሶ በላይ የሚሆኑት ወይ አንመልስም አሉ፣ ወይ ተመራማሪዎቹ ሊመድቡት የማይችሉት የተወሳሰበ መልስ ሰጡ። እድርተኛን ሁሉ ጠይቁ፤ ስንት መጣል እንዳለበት ያውቃል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሮበርት ፍራንክ፣ ቶማስ ጊሎቪችና ዴኒስ ሪገን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ጥናት ወጣ። ሁለት ሁለት ሰው አጋጥመው፣ ብትተባበሩ ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ፣ አንዱ ቢከዳ ግን ከዳተኛው ይበልጥ ያተርፋል በሚል ጨዋታ አጫወቷቸው። ከኢኮኖሚክስ ተማሪዎች 60 በመቶ ያህሉ ከዱ። ከሌሎቹ የከዱት 39 በመቶ ያህል ናቸው።

እዚህ ላይ ብናቆም ፍርዱ ቀላል ነበር፤ «ትምህርቱ ነው ያበላሻቸው» ብለን እንሄድ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ በአንድ ወገን ምስክር አይዘጋም። ጆን ካርተርና ማይክል አይረንስ እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳዩት፣ ኢኮኖሚክስ የመረጡ ተማሪዎች ገና ትምህርቱን ሲጀምሩ ከሌሎች የተለዩ ነበሩ። ማለትም ትምህርቱ አልቀየራቸውም፤ ዱሮውንም እንዲህ ያሉት ናቸው ወደዚያ የሄዱት። በስዊዘርላንድ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲም ተማሪው በየሴሚስተሩ ሲመዘገብ ለሁለት የተማሪ መርጃ ሣጥኖች 7 እና 5 ፍራንክ ልስጥ ወይስ አልስጥ ብሎ ይወስን ነበር። ብሩኖ ፍራይና ስቴፋን ማየር የእነዚያን ውሳኔዎች መዝገብ መርምረው ወደዚያው ድምዳሜ አመሩ፤ የሚለየው የሚመርጠው ሰው እንጂ ትምህርቱ አይደለም።

በዋሽንግተን ከተማ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ሙከራ ተደረገ። አንቶኒ ዬዘርና ባልደረቦቹ አድራሻ የተጻፈበት፣ በውስጡ 10 ዶላር ያለበት ፖስታ በየመማሪያ ክፍሉ ሆን ብለው እየጣሉ ሄዱ። ማን ለባለቤቱ ይመልሳል? በኢኮኖሚክስ ክፍሎች ከተጣሉት 56 በመቶው ተመለሰ፤ በሌሎቹ ክፍሎች ከተጣሉት ግን 31 በመቶው ብቻ። በጨዋታ ላይ ከሃዲ የሚባለው ተማሪ፣ ማንም ሳያየው የወደቀ ገንዘብ ሲያገኝ ከሁሉም ይልቅ ታማኝ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ የትኛውን እንመን? እኔ ሁለቱንም አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱንም ክፍሌ ውስጥ አያቸዋለሁ።

በየዓመቱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼን በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። «ሃያ ሰው እቁብ ገባ። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ ለምን አይጠፋም?» ክፍሉ ይስቃል። መልስ ይዘንባል። «ተያዥ አለበታ!» «ዳኛው ይለቀዋል እንዴ?» «ሚስቱ ሠፈር ውስጥ እንዴት ትውጣ?» «የት ሊሄድ?» አንዲት ልጅ አንድ ጊዜ «ቀጥሎ ማን ያስገባዋል?» አለች። ሁሉም ትክክል ናቸው። ያችን ልጅ ግን ዛሬም አስታውሳታለሁ፤ በሒሳብ ብዙ ገጽ የሚፈጀውን ማረጋገጫ በሦስት ቃል ጨረሰችው።

ያንኑ ጥያቄ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ደግሜ አቀርብላቸዋለሁ። አሁን የሚስቅ የለም። እጅ ይወጣል፤ «ኢንሴንቲቩ መካድ ነው» ይላል አንዱ። ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ያሳየኛል፤ ሒሳቡ አይሳሳትም። «አንተስ እቁብ አለህ?» እለዋለሁ። አለው፤ ከዶርም ጓደኞቹ ጋር። «ቢወጣልህ ትክዳለህ?» እለዋለሁ። መልሱ ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ ነው፦ «እኔማ አልክድም። ሰው ግን…»

እኔማ አልክድም፣ ሰው ግን። በእኔ አስተያየት ኢኮኖሚክስ የሚያመጣው ለውጥ በሙሉ እዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ልጁ ስስታም አልሆነም። ፖስታውን ቢያገኝ ይመልሳል። የተለወጠው ስለ ሌላው ሰው ያለው ግምት ነው። እንደ እድርና እቁብ ባለ ነገር ደግሞ አንድ ሰው የሚያደርገውን የሚወስነው የገዛ ልቡ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ምን ያደርጋል ብሎ የሚገምተው ነው። ሌላው አይጥልም ብዬ ካመንኩ እኔ ብቻዬን የምጥለው ለምንድን ነው? ደግ ሰው በመጠርጠር ብቻ ክፉ ሰው የሚሠራውን ይሠራል።

የኮርኔሎቹም ጥናት ይህን የሚደግፍ ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ተጫዋቾቹ አስቀድመው ተነጋግረው ቃል እንዲገባቡ ሲፈቀድላቸው በኢኮኖሚክስ ተማሪዎችና በሌሎቹ መካከል የነበረው ልዩነት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ቃል ሲገባ ጥርጣሬው ይበርዳልና። ሁለተኛው ይበልጥ ያስገርማል። «መቶ ዶላር ያለበት፣ ስምና አድራሻ የተጻፈበት ፖስታ ብታገኝ ትመልሳለህ? የአንተ ቢጠፋስ እንግዳ ሰው ይመልስልሃል?» የሚሉ ጥያቄዎችን ለሦስት ክፍሎች በሴሚስተሩ መጀመሪያና መጨረሻ ጠየቁ። ሁለቱ የመግቢያ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ክፍሎች ሲሆኑ ሦስተኛው የሥነ ፈለክ ክፍል ነበር። ከሁለቱ የኢኮኖሚክስ መምህራን አንዱ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ሰው ነው፤ ሌላው ጥናቱ በልማት ኢኮኖሚክስና በማኦ ዘመን ቻይና ላይ ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ጥርጣሬው ይበልጥ የበረታው በመጀመሪያው መምህር ክፍል ነበር። ትምህርቱ አንድ ነው፤ መምህሩ ግን የተለያየ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ነገ ጠዋት የምገባበት ክፍል ትዝ ይለኛል።

ጥርጣሬ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት በሠፈራችን እድር ነው። ጥፋተኛውም እኔ ነኝ።

በ1999 ዓ.ም. ፀሐፊ አደረጉኝ፤ ተምሯል ተብዬ። መዝገቡን ስረከብ መጀመሪያ ዐይኔ ያረፈው በቀይ እስክሪብቶ ላይ ነው። በእኛ እድር ለቀብር የመጣ ሰው ስሙ ላይ ምንም ምልክት አይደረግበትም፤ የቀረ ነው በቀይ የሚሰመርበት። አገላብጬ ሳየው መዝገቡ በሙሉ ቀይ መሰለኝ። ለቀሪ የሚከፈለው ቅጣት አምስት ብር ነበር፤ አምስት ብር ያኔም ገንዘብ አይባልም። በወርኃዊው ስብሰባ ተነሥቼ ቅጣቱ ሃያ አምስት ብር ይሁን አልኩ። ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ይቀንሳል፤ ቅጣት ሲጨምር ቀሪ ይቀንሳል። ማን ይከራከረኛል? ዳኛችን፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፣ አንገታቸውን ነቀነቁና «ይሞከር» አሉ።

ተሞከረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀብሮች ሰው በዛ። ከዚያ መሳሳት ጀመረ፤ በተለይ ደመወዝተኛው። ድሮ ቀርቶ የነበረ ሰው በማግስቱ ሐዘን ቤት ሲገባ ዐይኑን ሰበር አድርጎ ነበር። አሁን «እኔ ቅጣቴን ከፍያለሁ» እያለ ቀጥ ብሎ ይገባል። ወሩ ሲሞላ አንድ የባንክ ሠራተኛ አባላችን መጥቶ ብሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና «የስድስት ቀብር አሁኑኑ ቁረጡልኝ፤ ሥራ ይበዛብኛል» አለኝ። ማን እንደሚሞት ገና አልታወቀም። እሱ ግን ከስድስታችን ቀብር አስቀድሞ ተሰናበተ።

ዳኛው ደረሰኙን ስጽፍ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆይተው «ድሮ ቀሪው ያፍር ነበር» አሉ። «አሁን ደረሰኝ ይጠይቃል።»

ቅጣቱን ወደ አምስት ብር መለስነው። ያሰብነው አልሆነም፤ ሰው ከቅጣቱ ጋር አልተመለሰም። አንዴ ዋጋ የተቆረጠለት ነገር በቅናሽ ተሸጠ እንጂ ድሮ ወደነበረበት አልገባም። ያዳነን የዳኛው ዘዴ ነው። ከቀብር ስንመለስ ሁለት ሽማግሌ ያስከትሉና ቀሪው ቤት ሄደው በር ያንኳኳሉ። አይወቅሱም። «ታመህ ይሆን ብለን ነው ልጄ» ይላሉ። ቡና ይፈላል፤ ይጠጣል፤ ይመለሳሉ። ደኅና ሆኖ የቀረ ሰው ታመህ ይሆን ብለው ሽማግሌ ሲመጡበት ምን ይዋጠው? ነገሩ እስኪስተካከል ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ።

ከዓመታት በኋላ ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ በእስራኤል ሃይፋ ያደረጉትን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አነበብኩና ፊቴ ጋለ። 10 የሕፃናት መዋያዎችን ለ20 ሳምንታት ተከታተሉ። በ6ቱ ላይ ልጁን ለመውሰድ ከ10 ደቂቃ በላይ የዘገየ ወላጅ 10 ሼቄል ይቀጣ ተባለ። ዘግይቶ የሚመጣው ወላጅ ቁጥር በመቀነስ ፈንታ እጥፍ ገደማ ሆነ። ቅጣቱ ሲነሣም ወደ ድሮው አልወረደም። ሞግዚቷን ማስጠበቅ ያሳፍረው የነበረ ወላጅ አሁን ጊዜዋን የገዛ መሰለው። ሽሮ ሜዳ ያደረግኩትን ሃይፋ ላይ ቀድሞ ታትሞ አገኘሁት። ጽሑፉ እኔ ቅጣቱን ከመጨመሬ በፊት ወጥቷል፤ ግን የተማርኩት ኮርስ ውስጥ አልነበረም።

ለምን እንዳጠፋሁ ብዙ አስቤበታለሁ። የእድሩን ገንዘብ ፈልጌ አልነበረም። መዝገቡን ሳይ የቀሩትን ብቻ ስላየሁ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ድንኳን የሚተክሉት፣ ብረት ድስት የሚሸከሙት፣ ሌሊት ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድሩት ቀይ መስመር ስለሌለባቸው ለእኔ አልነበሩም። እናቴ «አንተ የቆጠርከው የሄደውን ነው» ያለችኝ ሰው ከስምንት ዓመት በኋላም ያው ነበር። ዲግሪ ግን ጨምሯል።

ጥርጣሬ በእድር ብቻ አይወሰንም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተወሰነበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሳምንት ጎረቤቶቼ ቤቴን ሞሉት። «ያንተ ትምህርት ነውና ንገረን፤ ዘይት እንግዛ ወይስ እንጠብቅ?» እኔ «ይወደዳል» ብል ሁሉም በማግስቱ ሱቅ ይወርዳል፤ ሲወርድም በእርግጥ ይወደዳል። ትንቢቴ የሚፈጸመው እኔ ስለተናገርኩት ነው። ሰው ስለ ሰው የሚገምተው ነገር ዋጋ ያወጣል፤ ይህን ደግሞ ያስተማረኝ ያው ኢኮኖሚክስ ነው።

ትምህርቱን ለማማት እንዳልተነሣሁ እዚህ ላይ ልናገር። የሰጠኝ ዐይን ብዙ ነው። በሸማቾች ማኅበር በር ላይ ለስኳር ከንጋት ጀምራ የተሰለፈችን ሴት ሳይ፣ ስኳሩ «በርካሽ» እንደማይሸጥ ያሳየኝ ኢኮኖሚክስ ነው፤ ቀኗን ከፍላበታለች፣ ያንን ክፍያ ደግሞ ማንም አልተቀበለውም። በየጊዜው «ገንዘብህን በወር እጥፍ እናደርጋለን» እያሉ የሚመጡ ሰዎች ሲያባብሉኝ «ትርፉ ከማን ኪስ ነው የሚመጣው?» ብዬ የምጠይቀውም በእሱ ነው። መጠርጠር ያለበትን መጠርጠር ጥበብ ነው። ያሳሰበኝ ጥርጣሬው መጠን ማጣቱ ነው።

መጠኑ የሚጠፋው ደግሞ በግማሽ ትምህርት ነው። ዮራም ባውማንና ኤላይና ሮዝ በሲያትል ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን የመዋጮ መዝገብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙትን ስለዚህ ከሁሉም አብልጬ አነሣዋለሁ። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቹ ከመጀመሪያውም የሚሰጡት ያንስ ነበር፤ ኮርስ በጨመሩ ቁጥር ግን አልባሰባቸውም። የመስጠት ልማዳቸው የቀነሰው የሌላ ትምህርት ክፍል ሆነው የኢኮኖሚክስ ኮርስ ቀመስ አድርገው የወጡት ናቸው። ተመራማሪዎቹ ይህን የየዋህነት መጥፋት ብለውታል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲዎቻችን ሌላ ሙያ የሚከተል ብዙ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የኢኮኖሚክስ መግቢያ ይወስዳል። ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዳኛ፣ የወረዳ ኃላፊ የሚሆነው ልጅ በሕይወቱ የሚያገኘው ኢኮኖሚክስ ይህ ብቻ ነው። በዚያች ኮርስ ምን ያገኛል? የፍላጎትና የአቅርቦት መስመር፣ ራሱን ብቻ የሚያስብ ሸማች፣ ትርፍ ብቻ የሚያሳድድ ድርጅት። እነዚህ ለስሌት የተሠሩ መነሻዎች ናቸው እንጂ የሰው ልጅ ፎቶግራፍ አይደሉም። ይህን የሚነግረው ምዕራፍ ግን በመጽሐፉ መጨረሻ ነው ያለው፤ እዚያ ሳንደርስ ሴሚስተሩ ያልቃል። ልጁ መነሻውን ይዞ ይወጣል፣ ማረሚያውን ትቶ። እኔም እናቴን የመከርኳት በዚያች ወቅት ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ትልቅ በጀት አይፈልግም። የመግቢያው ኮርስ ከእቁብና ከእድር ይጀምር። ተማሪው የሚያውቀውን ይዞ ይግባና ለምን እንደሚሠራ፣ መቼም እንደሚፈርስ ይመርምር፤ የክህደቱ ሒሳብ ከዚያ በኋላ ይምጣለት። አዳም ስሚዝ «የሀብት ምንጭ» የሚባለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1776 ከማሳተሙ በፊት በ1759 ስለ ሰው ልጅ ርኅራኄና ኅሊና አንድ ሙሉ መጽሐፍ እንደጻፈ ይነገረው። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው፣ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ውኃቸውንና ግጦሻቸውን ያለ ፖሊስ እንዴት ጠብቀው እንደኖሩ አጥንታ መሆኑን ይማር። ከራሳችን ደግሞ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ይክፈት፤ ደራሲው ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ነው። እኔ አራት ዓመት ስማር አንድ ቀን እንኳ አልከፈትኩትም። ለማይክሮ ፈተና የሚያስፈልገንን መጽሐፍ ግን ከቤተ መጻሕፍቱ ሪዘርቭ በሰዓት እየተዋስን፣ በወረፋ አጥንተናል።

«ይህ ሁሉ ልጆቹን የዋህ ያደርጋቸዋል፤ ዓለሙ ደግሞ የዋህ አይምርም» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። የእቁብ ዳኛ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። የእቁብ ዳኛ የዋህ አይደለም፤ ተያዥ ሳያይ ሳንቲም አይሰጥም። ግን ሰውን ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ቢነሣ እቁቡን ባልጀመረው ነበር። ከሁለቱ መካከል ያለችውን ቦታ ያውቃታል። እኛ የምናስተምረው ተያዥ መጠየቁን ነው፤ እቁብ መጀመሩን አላስተማርንም።

በ1994 ዓ.ም. ተመረቅኩ። በዚያ ቀን እናቴ ጉልቱን የምትተውለት ሰው አስፈለጋት፤ ቲማቲሙ እንደተራገፈ ነበር፣ ቢያድር ይበላሻል። የተወችው ለእነዚያ ደብተሬ ላይ ለጻፍኩባቸው አሮጊት ነው። ስሰማ ደነገጥኩ፤ ምንም አልተናገርኩም እንጂ በልቤ ገንዘቡን ተሰናብቼዋለሁ።

ማታ ጋውኔን በክንዴ ይዤ ከእናቴ ጋር ስንመለስ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው ነበር። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮውን ፈተው ብሩን ለእናቴ አስረከቡ። ልማድ ነውና ዐይኔ መደቦቹን ቆጠረ፤ ባዶ ናቸው። ብሩንም ቆጠርኩት፤ ከሸጡት መደብ ጋር ሳንቲም ሳይጎድል ልክ ነው። የራሳቸውን ዱቤ ግን በዚያ ቀንም አልከፈሉም። ጆንያው ሥር ለነገ መቅረት የነበረባት ሽንኩርት ግን የለችም።

እናቴ ጆንያውን አየችና «እዚህ የነበረችውስ?» አለቻቸው።

«መርቄባታለሁ» አሉ፤ «ለመጣው ሁሉ። ልጅሽ በሚመረቅበት ቀን ሳልመርቅ እንዴት እሸጥልሻለሁ?»

እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ደብተር አልያዝኩም ነበር።